የሚያዝያ መርዶ

እኔ ማታ ማታ ድራማ አላይም፤ የማየው የአየር ትንበያ ነው። ልጄ ሔርሞን ትስቅብኛለች። ስልክሽ ላይ አለልሽ እኮ፣ ምን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጥሻል ትለኛለች። ስልኩ የሚያሳየው የሰፈራችንን ዳመና ብቻ ነው። እኔ የምፈልገው አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያሳየውን ካርታ ነው። ሃያ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ስነዳ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ እኛ ላይ የሚወርደው መዓት ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ሌላ ሰው ላይ ወርዶ እንደነበር ነው። ሲመጣ አይቼው ከሆነ ብዙም አልፈራውም።

ያን ማክሰኞ ማታ ካርታው ላይ የሌለ ቀለም አልነበረም። ቫንኩቨር አበባው ፈክቶ ዝናብ ይዘንብበታል። ሳስካቸዋንን ሚያዝያ መግባቱን የነገረው የለም፣ በረዶው እስከ ጉልበት ደርሷል። ከአሜሪካ ሜዳ የተነሳው ማዕበል ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ይመጣል። ትንበያ የሚያቀርበው ወጣት እጁን ኦንታሪዮ ላይ አሳርፎ ፈገግ አለ፤ ይህ ልጅ ፈገግ ሲል አልወድም። ማታ መብረቅ ያለበት ዝናብ፣ ሌሊቱን መሬት ሲነካ የሚጋገር የበረዶ ዝናብ፣ ሲነጋ ደግሞ ነፋስና በረዶ፣ ከዚያ ወደ ሞንትሪያል ያልፋል አለ። የግድ ካልሆነባችሁ ከቤት አትውጡ ብሎም መከረን።

እኔ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ የክረምት ጎማዬን አስፈትቼ ነበር። ፀሐይ ሁለት ቀን ከወጣች ቶሮንቶ ውስጥ የማይሞኝ ሰው የለም። ጃኬቱን ያጥባል፣ ቦቲውን ቁም ሣጥን ውስጥ ይከታል፣ ጎማውን ያስቀይራል። በየዓመቱ እንሞኛለን፣ በየዓመቱም እንናደዳለን። ቢያንስ ነገ የተማሪ አውቶቡስ አይወጣም፣ ተኝቼ አረፍዳለሁ ብዬ ራሴን ሳጽናና ስልኬ ጮኸ። ከአዲስ አበባ ነበር።

የደወለችው እሌኒ ናት፣ የስለሺ እህት። እዚያ እኩለ ሌሊት ማለፉ ትዝ ሲለኝ ገና ሄሎ ሳልል ነገሩ ገባኝ። እናታቸው እማማ ጸሐይወርቅ ከአንድ ሰዓት በፊት አርፈዋል። እሌኒ አላለቀሰችም፤ ሥራ የያዘ ሰው ድምፅ ነበር የምትናገርበት። ቀብሩ ነገ ቀትር ላይ ነው፣ ማለት እኛ ጋ ገና ሳይነጋ ነው። እስከዚያ ዘመዱን ሁሉ ዝም አሰኛለሁ፣ ስለሺ ቢደውልም እኔም ወንድሜ ፀጋዘአብም አናነሳለትም አለችኝ። ከቀብር መልስ ግን ፎቶውን ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ አይጠፋም፣ እሱን ላግደው አልችልም አለች።

«አደራ፣ ያለም» አለችኝ። «ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ።»

አደራው ለእኔ አዲስ አልነበረም። ስለሺና እኔ ካርቱም ውስጥ አንድ ግቢ ነው የተከራየነው፤ ወደ ካናዳም የገባነው በአንድ ዓመት ነው። እኔ ፓርክዴል እንደገባሁ ፓርክዴል ቀረሁ፣ እሱ ኢቶቢኮ ትንሽ ቤት ገዛ፣ ከሚስቱ ከተለያየ ወዲህም ብቻውን ይኖርበታል። አባቱ የሞቱ ጊዜ አንድ የማይረባ የአጎቱ ልጅ ፋብሪካ ድረስ ደውሎ በስልክ ነገረው። ስለሺ ስልኩን ዘጋና ወደ ማሽኑ ተመለሰ፤ ሌላ ምን ያድርግ? ሥራውን ጨርሶ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ ዕንባዬን ስውጥ ነው ቤቴ የደረስኩት ብሎኛል። ያን ጊዜ እጄን ይዞ፣ የእማዬ ቀን ሲደርስ ሰው ይዘሽ ነይ አለኝ። ሰው ይዤ እመጣለሁ አልኩት። ያንን ቃል ሰላሳ ዓመት ሙሉ ይዤው ኖሬያለሁ፣ ለበረዶ ብዬ የምጥለው አልነበረም።

መጀመሪያ የደወልኩት ለጋሽ ሰይፉ ነው። የእድራችን ሊቀ መንበር ናቸው፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል፣ ባለፈው ዓመት ዳሌያቸው ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። መርዶ በእሳቸው አፍ ካልተነገረ ለእኛ መርዶ አይሆንም። የሚኖሩት ኖርዝ ዮርክ ሲሆን፣ ለመርዶ ስንወጣ እሳቸውን በመኪናው የሚያመላልሳቸው ሁልጊዜ ስለሺ ነበር። አሁን ባለተራው እሱ ሆነና ነጂ አልባ ቀረን። ዜናውን ነገርኳቸው። ማዕበል እንደሚመጣም ነገርኳቸው፣ ሰምቻለሁ አሉ። መንገዱ ሊዘጋ እንደሚችል ነገርኳቸው።

«ስንት ሰዓት ትመጪልኛለሽ?» አሉኝ።

ቀጥሎ ለስለሺ ደወልኩ፣ ጠዋት ቤት መሆኑን ማወቅ ነበረብኝና። ብልጠቴን ያያችሁት እንደሆነ! ስለ ጎማ ላማክርህ ነው አልኩት፤ ፈትቼው ማዕበል መጣብኝ፣ ምን ይሻለኛል አልኩ። ሳቀብኝ። ባለሙያ ነዋ፤ ክረምት ክረምት መንገድ ላይ ጨው የሚበትን ከባድ መኪና ነው የሚነዳው። በየዓመቱ እሰድብሻለሁ፣ በየዓመቱም ትፈቺዋለሽ አለኝ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ነገ ጠዋት ቤት ነህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ቴሌቪዥኑን ሲዘጋ ሰማሁት።

«ነኝ» አለ። «ቤት ነኝ፣ ያለም።»

በራሴ ኮርቼ ስልኩን ዘጋሁ። ሔርሞን ግን ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛ ሁሉንም ትሰማለች፣ ስትመልስ ነው እንግሊዝኛው የሚቀድማት። ስትቆጣ ደግሞ ሁለቱንም ትቀላቅለዋለች።

«ማሚ፣ ኢትስ ሂዝ ማዘር» አለችኝ። «የማወቅ ራይት አለው። ጀስት ኮል አድርጊውና ንገሪው።»

በስልክ አይነገርም አልኳት። እሺ፣ ገና ዝናብ ነው፣ በረዶው ሳይጀምር አሁኑኑ እንሂድ አለች። እውነቷን ነው፣ ለመንገዱ ከሆነ አሁን ነበር የሚሻለው። ግን መርዶ ማታ አይነገርም። የተረዳ ሰው ከፊቱ ሌሊት ሊኖርበት አይገባም፣ ሊነጋጋ ሲል ሰው ከብቦት ይሰማል፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ይመጣለታል፣ በመሸ ጊዜ ደክሞት ይተኛል። ማታ ብነግረው ሌሊቱ ይረዝምበታል አልኳት። ሔርሞን ራሷን ነቀነቀች። በእኛ ነገር ስትናደድ እንደዚያ ታደርጋለች፣ እኔም እናደድባታለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም እናርፋለን። ያን ማታ ግን አላረፈችም። መኪናዋን ስጠይቃት፣ እሷ ስንፍና ይዟት የክረምት ጎማዋን አላስፈታችም ነበርና፣ መኪናዬ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ አለች። የልጄ ስንፍና ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ሳይነጋ ወረድን። የበረዶ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። የመብራቱ ምሰሶ፣ የቆሻሻ ገንዳው፣ የዛፉ ቅርንጫፍ፣ ሁሉም መስታወት ለብሷል። የመኪናው በር አልከፈት አለን። ሔርሞን ወደ ላይ ወጥቼ ሙቅ ውሃ ላምጣ ስትል ጮህኩባት፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። በትከሻዬ በሩን ገፋሁት፣ ገፋሁት፣ ቀጭ ቀጭ ብሎ ለቀቀ። ፊት ለፊቱን ስንፍቅ ጓንቴ ረጠበና ጣቶቼ ደነዘዙ። ሔርሞን ስልኳን እያየች መብራት የጠፋባቸውን ሰፈሮች ትቆጥርልኛለች። ዝም በይልኝ አልኳት። ፈርቼ ነበር፤ ስፈራ ሰው እንዲያወራኝ አልፈልግም።

ቁልፉን ተቀብዬ እኔ ያዝኩት። ሔርሞን ጥሩ ትነዳለች፣ እንደ እኔ ግን ሰባ ሕፃን ከኋላዋ ጭና ዳገት ወጥታ አታውቅም። በዝግታ ወደ ሰሜን ወጣን። መንገዱ ባዶ ነው። አንድ ቦታ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ግማሹን መንገድ ይዞታል፤ ሔርሞን ወርዳ እግሯ እየከዳት ጎተተችው። ስትመለስ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ርሶ ነበር። ማሞቂያውን ወደ እግሯ አዞረችው።

ጋሽ ሰይፉ ከሕንጻው በር ውስጥ ቆመው ይጠብቁናል። ካፖርታቸውን ደርበው፣ በላዩ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘዋል። ከበሩ እስከ መኪናው ያለው መንገድ አጭር ነበር፣ ነገር ግን በረዶው እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ግራና ቀኝ ያዝናቸው። ገና ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄድን እግራቸው ወደፊት ሸሸና ከእነ ከዘራቸው እላዬ ላይ ወደቁ። እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም። ዳሌያቸው ታየኝ፣ ሆስፒታሉ ታየኝ፣ ብቻውን የሚሰማው ስለሺም ታየኝ።

ያኔ ሔርሞን መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቦቲዋንና ወፍራሙን የሱፍ ካልሲዋን አወለቀች። «አባባ፣ እግርዎን ይስጡኝ» ብላ ካልሲዋን ከጫማቸው በላይ አጠለቀችላቸው። የት ተማርሽው ብላት ዩቲዩብ አለችኝ። ጋሽ ሰይፉ ጥቁር ጫማቸው ላይ ያለውን ባለ ቀይ መስመር ካልሲ አዩና፣ ለመርዶ እንዲህ ሆኜ ሄጄ አላውቅም አሉ። እየሳቁ ነበር። ካልሲው በረዶውን ያዝ አደረገው፣ ቀስ ብለን መኪናው ደረስን።

አውራ ጎዳናው ተዘግቷል፤ ተሳቢ መኪና ተገልብጦ ነው ይላል ሬዲዮው። ከአልበርታ እስከ ኒውፋውንድላንድ ያለውን እየጠራ ማስጠንቀቂያ ያነባል። እኛ በፊንች ጎዳና በኩል ወደ ምዕራብ ያዝን። መንገዱ ወደ ወንዙ በሚወርድበት ቁልቁለት ላይ ከፊታችን ያለ ታክሲ በቀስታ ዞረና ጎኑን ሰጥቶን ቆመ። ፍሬን ብይዝ ገብቼበታለሁ። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፣ ማርሹን ዝቅ አደረግኩ፣ መሪውን እንደ እንቁላል ያዝኩት። መኪናው ተንሸራተተ፣ የመንገዱን ጫፍ ይዞ አለፈ። ሔርሞን ከኋላ እንመለስ፣ ፕሊዝ ማሚ፣ እንመለስ አለች። ድምፅዋ የሕፃን ሆኖ ነበር።

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠርኩ። ልጄን ይዤ ነው የወጣሁት። የሞተ ሰው አይመለስም፣ መኪና ግን ይገለበጣል። አጠገቤ የተቀመጡትን ጋሽ ሰይፉን አየኋቸው። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊት ለፊት ነበር የሚያዩት።

«ቀስ ብለሽ፣ ያለም» አሉኝ። «ግን አትቁሚ።»

አልቆምኩም። ዳገቱን ወጣን። ትንሽ ሜዳ ላይ እንደሆንን ሔርሞን ከኋላ ቀና አለች። ስታስብ የቆየች ይመስላል።

«ዌይት» አለች። «አንክል ስሌ የጨው መኪና አይደል የሚነዳው? ዛሬ ለምን ቤት ይሆናል?»

ክረምቱን ሙሉ እንደዚህ ያለ ሌሊት አልነበረም። የጨው መኪና ነጂ ሁሉ ከማታ ጀምሮ ተጠርቶ ይወጣል። ስለሺ ደግሞ የዚህን ዓይነት ሌሊት አሳልፎ አያውቅም፤ የክረምቱን እንጀራ የሚያገኘው በዚህ ነው። ቤት ነኝ ያለኝ ምን ይዞት ነው? ወይ በኋላ ተጠርቶ ወጥቷል፣ መንገድ ላይ ነው ያለው፣ ስልኩም ኪሱ ውስጥ ነው። ወይ ደግሞ።

ጋሽ ሰይፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔም ማታ ደውዬለት ነበር አሉ፣ ቤት መኖሩን ለማረጋገጥ ያህል፣ ጤናውን ብቻ ጠይቄው ነው የዘጋሁት። መሪውን ይዤ ዘወር ብዬ አየኋቸው። ጋሽ ሰይፉ ሰው ሲሞት ካልሆነ በቀር ስልክ ደውለው አያውቁም። ይህንን የእድሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ስልኩ ላይ ስማቸውን ሲያይ የማይደነግጥ የለም። እኔ ነገ ቤት ነህ ወይ ብዬዋለሁ፣ እሳቸው ጤናውን ጠይቀውታል። እሱ ደግሞ ስንቱን ቤት አብሮን አንኳኩቷል። ከመርዶ በፊት ባለው ማታ እንዴት እንደሚደወል ከእኛ የተሻለ ያውቃል።

ሔርሞን ደወለችለት። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወለች፣ ዝግ ነው። ሰማዩ መገርጣት ጀምሮ ነበር፤ አዲስ አበባ ቀብሩ አብቅቶ ሰው ወደ ድንኳኑ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም። ሁለት ቀይ መብራት ማለፌን ሔርሞን ነገረችኝ።

የስለሺ መንገድ አልተጠረገም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ድፍን መስታወት ነው፣ የጎረቤቱ ደጅ ሁሉ ያብረቀርቃል። የእሱ ቤት በር ላይ ስንደርስ ግን መኪናው ስር ኩርሽም የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ አየሁ። ከአስፋልቱ ጠርዝ ጀምሮ እስከ ደረጃው፣ ደረጃውንም አንድ በአንድ፣ ጨው ተነስንሶበታል። በረዶው ቀልጦ ጥቁሩ ሲሚንቶ ወጥቷል። ጋሽ ሰይፉ ማንም ሳይዛቸው በሔርሞን ካልሲ ወደ ላይ ወጡ።

በሩን ሳናንኳኳ ተከፈተ። ስለሺ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጺሙን ተላጭቷል፣ ዓይኖቹ ግን ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ዓይኖች ነበሩ። አንድ በአንድ ሳመን። መንገዱ አላስቸገራችሁም ወይ አለ። ወደ ውስጥ ስንገባ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተጠግቷል፣ የምግብ ጠረጴዛው ጥግ ገብቷል፣ ወንበሮቹ ዙሪያውን ተደርድረዋል። ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው የሚሰናዳው፣ ግን የሚያሰናዳው ሌላ ሰው ነው። ስልኩ መስኮቱ ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። ሔርሞን ክንዴን ያዘችኝ።

ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ሰይፉ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ። ልጄ ስለሺ፣ አንተ የምታውቀው ነገር ነው፣ ሁላችንም እንግዶች ነን አሉ። ስለሺ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ሰማቸው። ከዚያ ቀና አለ።

«ጋሽ ሰይፉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ማን እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩኝ።»

ጋሽ ሰይፉ በሕይወታቸው ተቋርጠው የሚያውቁ አይመስለኝም። ወደ እኔ አዩ።

«እናትህ ናቸው» አሉት። «እናታችን አርፈዋል።»

«እሌኒስ?»

«ደህና ናት።»

«ፀጋዘአብስ?»

ፀጋዘአብም ደህና ነው አልኩት፣ ሁለቱም አብረው ናቸው፣ ቀብረው እየተመለሱ ነው። አንድ ጊዜ ረጅም ተነፈሰ። ጋሽ ሰይፉ በአንድ ወገን፣ እኔ በአንድ ወገን ያዝነውና «እማዬ» ብሎ ጮኸ። ከሰላሳ ዓመት በፊት አውቶቡስ ውስጥ የዋጠው ጭምር ነበር የወጣው። እኔም አለቀስኩ፣ ጋሽ ሰይፉም አለቀሱ። ከሁላችንም በላይ ያለቀሰችው እማማ ጸሐይወርቅን አንድ ቀን እንኳ አይታቸው የማታውቀው ሔርሞን ነበረች።

ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆየን። ኋላ ላይ ፊቱን በውሃ አሳጠብኩትና መሃላችን ተቀመጠ። ማታ የሆነውን ነገረን። ሁለታችንም ደውለን ስንዘጋ ወዲያው ገብቶታል። ሥራ ሲጠሩት አልመጣም ብሏል። እሌኒ ጋ ደወለ፣ አላነሳችም። ፀጋዘአብ ጋ ደወለ፣ እሱም አላነሳም። ደግሞ ሊደውል ሲል ብቻዬን ሆኜ እሰማዋለሁ ብሎ ፈራና ስልኩን ዘጋው።

«ማን እንደሆነ አላወቅኩም» አለ። «መጀመሪያ እማዬን ቀበርኳት። ከዚያ እሌኒ ትሆን አልኩና እሷን ቀበርኳት። ከዚያ ወንድሜን። እንደገና ከእማዬ ጀመርኩ። ሲነጋ ሁሉንም ጨርሼ ነበር።»

ሌሊቱ እንዳይረዝምበት ብዬ ነበር። ሔርሞን አላየችኝም፤ ብታየኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቴ ጋለ። በንዴት ነው የጋለው፣ በራሴ፣ በብልጠቴ፣ በጎማዬ፣ በዚያ ፈገግ በሚለው ልጅም ጭምር። ማታውኑ መጥቼ በሩ ላይ ልቀመጥ እችል ነበር። ሌሊት ያለፈ ነገር ሆኖ ምን አደርገዋለሁ።

«ታዲያ በስልክ ብነግርህ ይሻል ነበር?» አልኩት። ድምፄ የጠብ ነበር።

ስለሺ ራሱን ነቀነቀ። ሌሊቱን ሙሉ ያንን ሲያስብ እንደነበር ነገረኝ። ስልኩ እዚያ ነው፣ ልከፍተውና ሁሉንም ባንድ ጊዜ ላውቅ እችል ነበር አለ። አንድ ሁለት ጊዜም አንስቶት ነበር። ግን አላለቀሰም፣ ዕንባው ቢመጣበትም መለሰው። ሰው ይዘሽ እንድትመጪ ነግሬሽ ነበር፣ ሰው ሳይኖር ማልቀስ አልፈለግኩም አለኝ።

ውጭ በረዶው ጀምሯል። ልጁ እንዳለው ነፋስ ይዞ ነው የመጣው፣ በመስኮቱ አግድም ያልፋል። ጋሽ ሰይፉ ስልካቸውን አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉና ለእድሩ ሰው መደወል ጀመሩ። በየቤቱ ስንቱን እንዳስደነገጡ እግዜር ይወቀው። መንገድ ሲጠረግ ሰው መምጣት ይጀምራል፣ ከስካርቦሮውም ከብራምተኑም። ሔርሞን ተነሳችና ቦቲዋን በባዶ እግሯ አጠለቀች። ጨውሽ የት ነው አለችው፤ ሲቸኩላት ወንድና ሴቱን ታምታታዋለች። ከደረጃው ስር ባልዲው ውስጥ አለ አላት፣ እሱም አብሯት ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው።

በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ከገባን ጀምሮ ያሳሰባት ነገር ይመስላል።

«አንክል ስሌ» አለች፣ «ማን እንደሞተ እንኳ ሳታውቅ፣ በዚያ ሁሉ አይስ ወጥተህ ጨው በተንክ?»

ስለሺ በእጁ ፊቱን ጠረገ። በር ላይ ያሉትን የጋሽ ሰይፉን ጫማዎች አየ፣ ቀይ መስመር ያለው ካልሲ ገና ከላያቸው አልወለቀም።

«የሳቸው ዳሌ ደህና አይደለም» አላት። «ማን እንደሞተ ነው እንጂ ያላወቅኩት፣ ማን እንደሚመጣማ አውቃለሁ።»